የቸርችል ጎዳናው መድፍ፦ ሰባት ቶን ነው ሰባ?

ጠይቁን፦ የአንባቢያን ዓምድ

ከፒያሳ ወደ ላጋር ቁልቁል ሲወረድ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ አፉን ከፍቶ የተቀመጠውን የዐፄ ቴዎድሮስን መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። ስለ እሱ የሚነገረው ግን ብዙ ነው፤ ሁሉም የሚስማማበት ጥቂት ነው። የደረሱንን ጥያቄዎች ሰብስበን የዛሬውን ዓምድ ለእሱ ሰጥተነዋል። አንዲት የአንበሳ ጥያቄም ጎረቤት ስለሆነች አብራ ገብታለች።

ጥያቄ፦ በዚያ መስመር ታክሲ እነዳለሁ። አንዱ ተሳፋሪ «ይኼ ራሱ መቅደላ ላይ የነበረው ነው» ሲል ሌላው «ቅጂ ነው» ይላል፤ ክርክሩ ሒሳብ ተሰብስቦም አያልቅም። ለእኔም ለረዳቴም መልስ ስጡን።

መልስ፦ ቅጂ ነው። ዋናው ሴባስቶፖል ከመቅደላ ወርዶ አያውቅም። ዛሬም ደቡብ ወሎ፣ ተንታ ወረዳ፣ አምባ ማርያም በሚባለው በመቅደላ ተራራ ላይ አለ። አዲስ አበባ ያለው ዐፄ ቴዎድሮስን ለማስታወስ የቆመ አምሳያው ነው።

ለክርክሩ አንድ ተጨማሪ ነገር ይያዙ። መድፍ ብለን መጥራታችን ልማድ ነው እንጂ በወታደር አጠራር ሞርታር ነው። መድፍ አንገቱ ረጅም ሆኖ ጥይቱን አግድም ይልካል። ሞርታር ደግሞ አጭር፣ ወፍራምና አፈ ሰፊ ነው፤ ጥይቱን ወደ ሰማይ ወርውሮ ከግንብ ጀርባ ይጥላል። ለከበባ የተሠራ መሣሪያ ነው። ስሙም የመጣው ከከበባ ነው፤ ሴባስቶፖል በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ከነአጋሮቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1854 እስከ 1855 ድረስ 11 ወር ያህል የከበቧት የሩሲያ የባሕር ምሽግ ናት። ቴዎድሮስ በነገሡበት ዓመት የዓለም ወሬ ሁሉ እሷ ነበረች።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የሒሳብ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ አንድ ቦታ ላይ የሴባስቶፖልን ክብደት 7 ቶን፣ ሌላ ቦታ 70 ቶን የሚል አንብበው መጡ። የትኛውን ልበላቸው?

መልስ፦ ሰባት ይበሏቸው፤ ግን አሰሏቸው እንጂ በቃል አያስይዟቸው። አንድ ሊትር ነሐስ 8.8 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። 7,000 ኪሎ ግራም ለ8.8 ሲካፈል ወደ 800 ሊትር ይመጣል፤ አራት ባለ 200 ሊትር በርሜል ማለት ነው። 70 ቶን ከሆነ 40 በርሜል ይሆናል። በሌላ አነጋገር፣ ወርዱም ቁመቱም ርዝመቱም ሁለት ሁለት ሜትር የሆነ ድፍን ነሐስ ነው፤ ያውም የአፉ ጉድጓድ ሳይቆጠር።

አሁን ከመድፉ አጠገብ ሰው የቆመበት የመቅደላ ፎቶ ይፈልጉና የሰውየውን ቁመት መለኪያ አድርገው ተማሪዎቹ የመድፉን ርዝመትና ውፍረት በግምት እንዲያወጡ ያድርጉ። ሁለቱን ሲሊንደሮች፣ የውጪውንና የጉድጓዱን፣ አስልተው ይቀንሱ። በፎቶ መገመት 20 ወይም 30 በመቶ ሊያሳስት ይችላል፣ ችግር የለም፤ በ4 እና በ40 በርሜል መካከል ያለው ልዩነት በዚያ ስሕተት የሚሸፈን አይደለም።

አንዲት ዜሮ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ስትጋባ ማንም አያስተውላትም። በሐቅ ከተነጋገርን ግን ዜሮዋ ለንጉሡ ክብር አልጨመረችም። ሰባ ቶን በዚያ መንገድ ላይ ማንም ሊጎትተው የማይችል ስለሆነ ታሪኩን ተረት ታደርገዋለች፤ ሰባት ቶን ግን ተጎትቷል። እንዴት እንደሆነ ከታች እንመጣበታለን።

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለኝ። ለአንድ ትምህርት ቤት ስጦታ የሚሆን የሴባስቶፖልን ትንሽ ሞዴል በነሐስ ማውጣት ፈልጌያለሁ፤ እስካሁን የሠራሁት አሉሚኒየም ብቻ ነው። አንድ አሥረኛ ቢሆን ስንት ኪሎ ይፈጃል? ምን ላይ ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ከመለኪያው እንጀምር። ርዝመቱ አንድ አሥረኛ ሲሆን ክብደቱ አንድ ሺሕኛ ይሆናል (10 በ10 በ10)። 7 ቶን በዚህ መንገድ 7 ኪሎ ሆኖ ቁጭ ይላል። አንድ ሰው በእጁ የሚያነሳው ስጦታ ነው።

የሚሻለው የሰም ዘዴ ነው፤ የመስቀል ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ማለት ነው። መጀመሪያ ጉድጓዱን የሚሞላውን እምብርት ከሸክላና ከደቃቅ አሸዋ ሠርተው ያድርቁ፤ ከዚያ በላዩ ላይ ሰሙን በመድፉ ቅርጽ ያልብሱ። ነሐስ ሲቀዘቅዝ ከርዝመቱ 1.5 እስከ 2 በመቶ ስለሚኮማተር ሰሙን በዚያው ልክ ያስረዝሙት፤ ለ20 ሳንቲ ሜትር 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የሚፈለገው የሰም መጠን 0.8 ሊትር ነው። ሰሙን ከመደረቡ በፊት በሚዛን ይመዝኑት፤ ወደ 760 ግራም ከሆነ ልክ ነው። ሠራተኛው ሁሉ የሚያውቀው ደንብ «የሰሙ አሥር እጥፍ ነሐስ» ይላል፤ ትንሽ ትርፍ ስላለው ጥሩ ደንብ ነው።

ሰሙን አልፈው እምብርቱ ውስጥ የሚገቡ ቢያንስ ስድስት የብረት ሚስማሮች ይትከሉ። ይኼን የሚዘል ሰው ይጸጸታል። ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ እምብርቱ አየር ላይ ይቀራል፣ የሚይዘው ሚስማሩ ብቻ ነው። ነሐሱ ሲገባ ደግሞ ቡሽ ውኃ ላይ እንደሚንሳፈፈው ሸክላው ወደ ላይ ይገፋል፤ የሸክላ አንድ ሊትር 2 ኪሎ ገደማ፣ የነሐሱ 8.8 ነውና። በእርስዎ ሞዴል ግፊቱ ከአንድ ኪሎ ብዙ አይበልጥም። በትልቁ ላይ ግን አንድ መቶ ሃምሳ ሊትር የሚይዝ ጉድጓድ ብናስብ እምብርቱን ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ከአንድ ቶን ያልፋል። በደብረ ታቦርና በአጠገቧ በጋፋት ሴባስቶፖልን የሠሩት ሠራተኞች ምን ጋር እንደታገሉ ከዚህች ስሌት ብቻ ይገባል።

የመጀመሪያው ሽፋን በጣም የተነፋ ሸክላ ይሁን፤ የመድፉን ቆዳ የሚያወጣው እሱ ነው። በላዩ ላይ የአህያ ፋንድያ ወይም የጤፍ ገለባ የተቀላቀለበት ሸክላ ሁለት ሦስት ዙር ይደርባሉ። ገለባው ሲቃጠል የሚተወው ቀዳዳ የጋዝ መውጫ ይሆናል። ጥላ ውስጥ አንድ ሳምንት ያህል ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ካወጡት ይሰነጠቃል። ቀጥሎ ደፍተው ሰሙን ያቅልጡት፣ ከዚያ ፎርማውን 600 ወይም 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለብዙ ሰዓት ይተኩሱት። ማፍሰሻው አፍ ላይ ጥቁር ጥላሸት እስካለ ድረስ ውስጡ ሰም አለ ማለት ነው፤ አልበሰለም።

ብረቱን በተመለከተ፣ ማፍሰሻውና ትርፍ አንገቱ ስለሚበላ 7 ሳይሆን 9 ኪሎ ያዘጋጁ፦ 8.1 ኪሎ መዳብ፣ 900 ግራም ቆርቆሮ። ቆርቆሮ ስንል የጣራውን አይደለም! የጣራው ቆርቆሮ ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። የምንለው በ232 ዲግሪ የሚቀልጠውን ነጭ ማዕድን ነው። የኤሌክትሮኒክስ መበየጃውን ሽቦ እንዳይገዙ፤ አብዛኛው እርሳስ አለበት። መዳቡን ከኤሌክትሪክ ገመድ ከወሰዱ ላስቲኩን ልጠው ያውጡት እንጂ አያቃጥሉት። የድሮ ቧንቧና ቁልፍም አይጨምሩበት፤ ውስጡ ያለው ዚንክ በ907 ዲግሪ ስለሚፈላ ነጭ ጢስ ያወጣል፣ ያንን የተነፈሰ ሰው ማታውን እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል።

መዳቡ በ1,085 ዲግሪ ይቀልጣል። ላዩን በከሰል ሸፍነው ያቅልጡት፤ ከሰሉ አየር ይከለክልለታል። ቆርቆሮው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፣ ሊያፈሱ ሁለት ደቂቃ ሲቀር። ቀድሞ ከገባ ይቃጠልና መጠኑ ያንሳል፤ ነሐሱም ለስላሳ ይሆናል። ከ1,100 እስከ 1,150 ዲግሪ ባለው ያፍሱ። ፎርማው ገና ትኩስ ሆኖ በደረቅ አሸዋ ውስጥ ይቀበር፣ የመድፉ ቂጥ ወደ ታች፣ አፉ ወደ ላይ። የድሮ መድፍ ሠሪዎች እንዲህ ያደርጉ የነበሩት ከላይ ያለው ብረት የታችኛውን ስለሚጫነው ባሩዱ የሚፈነዳበት ቂጡ ጥቅጥቅ እንዲል ነው። አረፋውና ዝቃጩ ወደ አፉ ይወጣል፣ ትርፉ አንገት ሲቆረጥ አብሮ ይሄዳል።

ሲያፈሱ አያቋርጡ። አሥር ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ካለቀ ጥሩ ነው። መሐል ላይ ካቆሙ የመጀመሪያው ቆዳ ያበጅና ሁለተኛው ሳይዋሐደው ላዩ ላይ ይተኛል፤ ላዩን ሲያዩት ጭረት ይመስላል፣ ውስጡ ግን ስንጥቅ ነው። ሰባት ቶን ሲሆን ይኼ ዋናው ጭንቀት ነው፦ ከአንድ በላይ እቶን ካለ ሁሉም እኩል ቀልጠው፣ እኩል ተከፍተው፣ ሳይቆራረጡ መፍሰስ አለባቸው፤ አንዱ ቢዘገይ የወራት ሥራ ከንቱ ነው።

ስለ ውኃ ደግሞ ሁለት ጊዜ እንናገራለን። አንድ ማንኪያ ውኃ እንፋሎት ሲሆን ከሺሕ ስድስት መቶ እጥፍ በላይ ይሰፋል። እርጥብ ፎርማ፣ እርጥብ ማማሰያ፣ ላብ የነካው የቆርቆሮ ቁራጭ፣ ሁሉም የቀለጠውን ነሐስ ፊትዎ ላይ ይረጩታል። ማንኛውም ወደ ማቅለጫው ጽዋ የሚገባ ነገር አስቀድሞ እቶኑ አፍ ላይ ይሙቅ። ወለሉም ሲሚንቶ ሳይሆን ደረቅ አሸዋ ይሁን፤ የቀለጠ ብረት የነካው ሲሚንቶ በውስጡ ባለው እርጥበት ይፈነዳል።

በመጨረሻ፣ የባሩድ መለኮሻዋን ቀዳዳ አይብሱ። ነጥብ ምልክት ይበቃል። ስጦታው ወደ ትምህርት ቤት ነው የሚሄደው።

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ። ያለ ሞተር፣ ያለ አስፋልት ሰባት ቶን እንዴት መቅደላ ወጣ? ስንት ሰው ጎተተው?

መልስ፦ የሴባስቶፖል ታሪክ ግማሹ ነሐስ ከሆነ ግማሹ መንገድ ነው፤ እኛን ከጠየቅሽን መንገዱ ይበልጣል። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. ከመስቀል በኋላ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው፤ አምስት ወር ተኩል ገደማ። አብሯቸው ሌሎች መድፎች፣ ሰረገላዎች፣ ሠራዊቱ፣ ሴቶችና ሕፃናት፣ እስረኞችም ነበሩ። መንገድ ስላልነበረ እየሠሩ ነው የሄዱት፦ ድንጋዩ በባሩድ ይፈነዳል፣ ገደሉ ይደለደላል፣ ሰረገላው ትንሽ ይሄዳል፣ እንደገና ይቆማል። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በዓይን ያዩ አውሮፓውያን ጽፈዋል።

የሰዉን ቁጥር ከወሬ ከምትወስጂ አብረን እናስላው። ሰረገላውን አንድ ቶን ብንል ጠቅላላው 8 ቶን ነው። ባልተነጠፈ ሜዳ ላይ መንኰራኩሩን ለማንከባለል ብቻ የክብደቱ አንድ አሥረኛ፣ 800 ኪሎ ያህል ጉተታ ይፈልጋል። በአምስት ሜትር አንድ ሜትር የሚነሣ አቀበት ሲመጣ 1,600 ኪሎ ገደማ ይጨመራል፤ 2,400። በሦስት ሜትር አንድ ሜትር ከሆነ ወደ 3,300 ይደርሳል። አንድ ሰው ገመድ ይዞ ለረጅም ጊዜ በደኅና የሚጎትተው 15 ኪሎ ያህል ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው አቀበት 160፣ ለሁለተኛው 220 ሰው በአንድ ጊዜ ገመዱ ላይ ያስፈልጋል። ሦስት ፈረቃ ከሆኑ 660። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ጎተተው ሲባል የምትሰሚው እንግዲህ ማጋነን አይደለም፤ ስሌቱ ራሱ የሚጠይቀው ነው። (በዚያው ስሌት 70 ቶን ቢሆን ለሁለተኛው አቀበት ሁለት ሺሕ ሰው በአንድ ጊዜ ይፈልጋል፤ በገደል ጫፍ መንገድ ላይ የት ይቆማሉ?)

ሰው መብዛቱም የራሱ ችግር አለው። 220 ሰው በአራት ገመድ ቢከፈል በአንድ ገመድ 55 ነው፤ በመካከላቸው አንድ አንድ ሜትር ቢተዉ ገመዱ 55 ሜትር ይረዝማል። መንገዱ ሲታጠፍ ከፊት ያሉት ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚጎትቱ ጉልበታቸው ሰረገላውን ወደ ገደሉ ጫፍ ይወስደዋል። ለዚህ ነው ለበቅሎ የሚበቃ ጠመዝማዛ መንገድ ለመድፍ የማይሆነው፤ መታጠፊያው ሰፊ፣ ቀጥታው ረጅም መሆን አለበት። አንዱ ገመድ ላይ የሚያርፈው ከ800 ኪሎ በላይ ነው፤ ጠፍር ከሆነ ደግሞ ዝናብ ሲነካው ይለጠጣል።

ከአቀበቱ ይልቅ የሚያስፈራው ቁልቁለቱ ነው። ሲወጡ ገመድ ቢበጠስ ከኋላ የተጎዘጎዘ ድንጋይ ሰረገላውን ያቆመዋል። ሲወርዱ ግን የፊቱ ባዶ ነው፦ በሦስት አንድ በሚወርድ ቁልቁለት ላይ 1,800 ኪሎ ያህል ወደ ኋላ መያዝ አለበት፣ ያለ ማቋረጥ። መንገዱ ላይ ደግሞ የጅዳና የበሽሎ ሸለቆዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ከሺሕ ሜትር በላይ ጥልቀት አላቸው። በአምስት አንድ እየወረዱ ቢሄዱ እንኳ አምስት ኪሎ ሜትር ቁልቁለት፣ ከዚያ አምስት ኪሎ ሜትር አቀበት ነው፤ ያውም ሁለት ጊዜ።

የመንገዱን ጥራት ማን መሰከረ ብትይ፣ ጠላት። የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ጦር በቀይ ባሕር ጠረፍ ካለችው ከዙላ ተነሥቶ ሲመጣ መጨረሻ ላይ የተጠቀመው ቴዎድሮስ ለመድፋቸው የጠረቡትን መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ ሴባስቶፖል ከእንግሊዞች ጋር በተደረገው የአሮጌ ሜዳ ውጊያ ላይ የመጀመሪያዋን ጥይት ሲተኩስ ፈነዳ ይባላል። እውነት ነው? (ከአዋሳ)

መልስ፦ የፈነዳ ነበር፣ ሴባስቶፖል ግን አይደለም። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ ከንጉሡ ትልልቅ መድፎች አንዱ ከመጠን በላይ ባሩድ ጎርሶ በመጀመሪያው ተኩስ ተሰንጥቋል። ሴባስቶፖል ግን ሙሉ ሆኖ ዛሬም ይታያል፤ የፈነዳ ነሐስ እንደዚያ አይቀመጥም።

መድፎቹ የተተከሉት ፋላ ኮረብታ ላይ ነበር፣ ጠላት ከታች በአሮጌ ሜዳ። ከላይ ወደ ታች መተኮስ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አፉን ወደ ታች ያዘነበለ፣ በአፉ የሚጎርስ መድፍ ጥይቱ በደንብ ካልተጠቀጠቀ ከባሩዱ ይሸሻል፤ መሐል ላይ ባዶ ቦታ ሲኖር ግፊቱ እኩል አይሆንም። ርቀቱንም ዓይን ያሳስታል፣ ጥይቱ ከጠላት ራስ በላይ አልፎ ይወድቃል፤ በዚያ ቀን አብዛኛው የሆነውም ይኼው ነው። በዚያ ላይ ነጎድጓድና ዝናብ ነበር። እንግሊዞቹ የያዙት ስናይደር ጠመንጃ ደግሞ ከኋላ የሚጎርስ ስለሆነ በደቂቃ እስከ አሥር ጊዜ ይተኮሳል። ፊታውራሪ ገብርዬ ከብዙ መቶ ሰው ጋር እዚያ ወደቁ፤ ከእንግሊዝ በኩል ቆሰለ የተባለው ሃያ ሰው ነው። ሞርታር የተሠራው ላልተንቀሳቀሰ ግንብ ነው፤ በሜዳ ላይ ለሚሮጥ እግረኛ አይሆንም፣ ቢሠራም ባይሠራም።

ንጉሡ ሚያዝያ 6 ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ እንግሊዞቹ የቻሉትን ዘርፈው የቀረውን አጥፍተው ሄዱ። ሴባስቶፖል የቀረው ከብዶ ነው። 44 ዝሆን ይዘው ነበር የመጡት፤ አንድ ዝሆን 700 ኪሎ ያህል ይጫናል ብንል ሰባት ቶን የአሥር ዝሆን ጭነት ነው፣ መድፍ ግን እንደ እህል በጆንያ አይከፋፈልም።

ጥያቄ፦ ላጋር ያለው የይሁዳ አንበሳስ? እሱም ቅጂ ነው?

መልስ፦ እሱ ዋናው ነው። ፈረንሳዊው ጆርጅ ጋርዴ የሠራው ሆኖ በ1923 ዓ.ም. ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ቆመ፤ ጣሊያን ወደ ሮም ወሰደው፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ተመለሰ። ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ሮም ውስጥ ጎራዴ የመዘዘው እዚሁ አንበሳ ፊት ነው። እንግዲህ በአንዱ ጎዳና ላይ፣ ከላይ ያልተወሰደው መድፍ ቅጂ፣ ከታች ተወስዶ የተመለሰው አንበሳ።

ጥያቄ፦ እስራኤል፣ ያፎ ነው የምኖረው። መድፉን ካቀለጡት ሰዎች አንዱ እዚህ ኖሯል የሚል ሰምቼ ተገረምኩ። እውነት ነው?

መልስ፦ ነው። ሞሪትዝ ሃል ይባላል፤ የፖላንድ አይሁድ ተወላጅ ሆኖ ወደ ክርስትና የገባ፣ ከጋፋት የብረት ሠራተኞች አንዱ። ሌሎቹ፣ እነ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ሳልሙለር፣ ከባዝል አጠገብ ካለው የቅድስት ክሪሾና ተቋም የመጡ ባለ እጅ ሚስዮናውያን ነበሩ፤ ወንጌል ለመስበክ መጥተው መድፍ አቅላጭ ሆኑ። ሃል ያገባት ሚስት በእናቷ ኢትዮጵያዊት፣ በአባቷ ጀርመናዊ ነበረች። ከጦርነቱ በኋላ ቤተሰቡ ያፎ ሰፈረ። ሴት ልጃቸው መቅደላ ላይ የተወለደችው በዚያው በጦርነቱ ዓመት ነው፣ ስሟንም ማግዳሌና አሏት። እሷም ያፎ ይኖር የነበረውን ፕላቶን ፎን ኡስቲኖቭ የሚባል ሩሲያዊ ባላባት አገባች። ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመው እንግሊዛዊ ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የልጇ ልጅ ነው።

ጥያቄ፦ ደሴ ያለን የመምህራን ቡድን ነን። ተማሪዎች ይዘን መቅደላ ልንወጣ ነው። ምን እንያዝ? መድፉ አረንጓዴ ሆኗል ስለሚባል በሎሚና በጨው አሽተን ብናጸዳውስ?

መልስ፦ ከደሴ በኩታበር አድርጋችሁ ወደ ተንታ ትሄዳላችሁ፤ መጨረሻው በእግር ነው። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፣ አስጎብኚም ከዚያው ውሰዱ። ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ ክረምት ላይ ጭቃው አያስወጣም። አምባው ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ስላለው ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ማታ ይበርዳል። ለአንድ ተማሪ ሦስት ሊትር ውኃ ያዙ።

የልብስ ሰፊ ሜትርም አትርሱ። አራት ልኬት ይበቃል፦ የውጪ ርዝመት፣ የውጪ ዙሪያ በሦስት ቦታ (ከአፉ፣ ከወገቡ፣ ከቂጡ)፣ የአፉ የውስጥ ስፋት፣ የጉድጓዱ ጥልቀት። ዙሪያውን ለ3.14 ስታካፍሉ ስፋቱ ይወጣል። ጥልቀቱን ስትለኩ ውስጡ አፈርና ድንጋይ ሊኖር ስለሚችል እንጨት ሰዳችሁ ቂጡን መንካቱን አረጋግጡ፤ አለበለዚያ ጉድጓዱ አጥሮ መድፉ ከብዶ ይወጣል። የባሕር ዳሩ መምህር ልኬታችሁን ቢያገኙ ደስ ይላቸዋል።

ሎሚና ጨው ግን በፍጹም! አረንጓዴው ቆሻሻ አይደለም፤ ነሐስ ከአየርና ከዝናብ ጋር ኖሮ ራሱ የሚያወጣው ቆዳ ነው። ብረት ሲዝግ ዝገቱ እየተቀረፈ አዲሱን ለዝናብ ያጋልጣል፤ የነሐስ ቆዳ ግን ተጣብቆ ውስጡን ይጠብቃል። ከ150 ዓመት በላይ ያቆየው ይኸው ቆዳ ነው። ሎሚው ያንን ይገፈዋል። ጨው ደግሞ ይብሳል፦ በውስጡ ያለው ክሎራይድ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ እርጥበት ባገኘ ቁጥር መዳቡን ይበላዋል፣ ከዓመት በኋላ ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ይወጣል። አንዴ ከጀመረ በጽዳት አይቆምም። አመድ፣ አሸዋ፣ የሽቦ ቡሩሽም እንደዚሁ ክልክል ነው፤ ኖራና ቀለምም ጭምር፣ ተማሪዎቹ ስማቸውን እንዳይጽፉ።

ጭቃና የወፍ ኩስ ካለበት ንጹሕ ውኃና ለስላሳ የፀጉር ቡሩሽ ይበቃል፣ ከዚያ በጨርቅ ይደርቅ። ሲነኩት እንደ ዱቄት የሚነሣ ነጣ ያለ አረንጓዴ ነጠብጣብ ካያችሁ ሳትነኩ ፎቶ አንሡት፣ አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጡ መጠኑ እንዲታወቅ፣ ለወረዳው ጽሕፈት ቤትም ስጡ።